የጋለ አስፋልት የውሻን እግር እንዴት ያቃጥላል?

በአየር ትንበያ የሚነገረው ቁጥር የጥላ ቁጥር ነው። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ነፋስ እንደልቡ በሚያልፍበት ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳታገኘው ሆን ተብሎ ተከልሏል። ለእኛ ጥሩ መለኪያ ነው። ፊታችንና ደረታችን በዚያ ከፍታ ላይ ናቸው፣ እግራችንም ጫማ ውስጥ ነው። ውሻ ግን ሆዱ ከመንገዱ ሁለት ሦስት ስንዝር ብቻ ይርቃል፣ እግሩም ባዶ ነው። «ዛሬ 25 ዲግሪ ነው፣ ለመንሸራሸር የሚመች ቀን» ብለን ገመዱን ስናነሳ የለካነው የራሳችንን ቀን ነው።

የመንገዱ ቁጥር ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት የተለኩና የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው የሚጠቅሷቸው ቁጥሮች አሉ፤ አየሩ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን አስፋልቱ 52፣ አየሩ 31 ሲሆን አስፋልቱ 62 ዲግሪ ደርሶ ተገኝቷል። በሁለቱም ቀን ሰው ሸሚዝ ለብሶ በምቾት ይሄዳል። በሁለቱም ቀን ከጎኑ የሚሄደው ውሻ እግሩ ሊቃጠል ይችላል።

ለምን ይህን ያህል ይራራቃሉ? አስፋልት በክብደቱ 95 በመቶ ያህሉ የተፈጨ ድንጋይና አሸዋ ነው፤ ቀሪው 5 በመቶ ገደማ ድንጋዩን የሚያጣብቀው ጥቁር ሬንጅ ነው። ያ ጥቂት ሬንጅ ግን እያንዳንዱን ጠጠር ስለሚሸፍን የመንገዱን ቀለም የሚወስነው እሱ ነው። አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን 95 በመቶ ያህሉን ይውጣል። ዓመታት ሲያልፉ ሬንጁ ከላይ እየተላጠ ድንጋዩ ብቅ ይላል፣ መንገዱም ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ ያኔ ትንሽ ይሻላል። ስለዚህ በሰፈርዎ ካሉት መንገዶች ለውሻ ክፉው ሰሞኑን የተነጠፈው፣ ገና የሚያብለጨልጨው ነው።

ጥርት ባለ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1000 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። አስፋልቱ ይህን ኃይል የሚያስወጣበት ሦስት በር ብቻ አለው፤ ከፊሉ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ከፊሉ በዓይን በማይታይ ጨረር ወደ ሰማይ ይመለሳል። የሚወጣው ከሚገባው እስኪተካከል ድረስ የመንገዱ ግለት እየጨመረ ይሄዳል። ነፋስ በሌለበት ቀን ሚዛኑ የሚገኘው ከ50 ዲግሪ በላይ ነው፤ በበረሃ ከተማ ደግሞ ከ70 ያልፋል።

ሣር አራተኛ በር አለው፤ ውኃ። ተክል ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ ያተናል፤ 1 ሊትር ውኃ ለመትነን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። በሌላ አነጋገር፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ለ40 ደቂቃ የሚያርፈው የቀትር ፀሐይ ሁሉ አንድ ሊትር ውኃ አትንኖ ያልቃል። ውኃ የጠገበ ሣር በዚያው ፀሐይ ሥር፣ ከአስፋልቱ ጥግ ላይ በቅሎ እንኳ፣ ባዶ እግር የሚያስቆም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሣሩ ከደረቀ ግን በሩ ይዘጋል። ሰው ሠራሹ ሣር ደግሞ ከመጀመሪያውም በሩ የለውም፤ ለዓይን አረንጓዴ ቢሆንም ፕላስቲክ ነው፣ በተለኩባቸው ቦታዎችም ከአስፋልት የበለጠ ሲግል ተገኝቷል። ልጆች የሚጫወቱበት ያ ለምለም የሚመስል ሜዳ ለውሻ ከመንገዱ የባሰ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ሰው አይጠረጥርም። የሲሚንቶ የእግረኛ መንገድ ቀለሙ ፈካ ስላለ ከአስፋልት ይቀዘቅዛል፤ ይሁንና በጠራራ ቀን «ይቀዘቅዛል» ማለት «አያቃጥልም» ማለት አይደለም። ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ኮብልስቶንም እንዲሁ ይግላል። ከሁሉ የሚከፋው ብረት ነው። የጉድጓድ ክዳን፣ የፒክአፕ መኪና ጀርባ፣ የድልድይ መጋጠሚያ የያዙትን ግለት ለነካቸው ነገር ወዲያው ያስተላልፋሉ፤ አንድ እርምጃ ይበቃል።

ስለ ማታው አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ ብዙ ጠንቃቃ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። የመጨረሻው እንጀራ ወጥቶ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ምጣዱ ለረጅም ጊዜ እንደጋለ ይቆያል። መንገድም ቀኑን ሙሉ ወደ ሆዱ ያስገባውን ሙቀት ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ለሰዓታት ያወጣል። አየሩ ነፈሰ፣ ቀዘቀዘ፣ ሰው ሹራብ ደረበ፤ አስፋልቱ ግን ገና የቀኑን ፀሐይ እየመለሰ ነው። መንገድ በጣም የሚግለው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሳይሆን ከዚያ በኋላ፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ግድም ነው፤ በጣም የሚቀዘቅዘውም ልክ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው። ከንጋትና ከምሽት አንዱን መምረጥ ካለብዎት ንጋትን ይምረጡ።

አሁን ወደ ቆዳው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1947 ሞሪትዝና ሄንሪከስ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሙቀት ቆዳን ለማቃጠል ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት በሰውና በአሳማ ቆዳ ላይ አጥንተው ነበር። ዛሬም የቃጠሎ ሐኪሞችና መሐንዲሶች የሚመለሱት ወደዚያ ሥራ ነው። ቆዳው 44 ዲግሪ ላይ ከቆየ ለመቃጠል 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 49 ላይ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃል። 55 ላይ ግማሽ ደቂቃ፤ 60 ላይ 5 ሰከንድ። በ44 እና በ60 መካከል ያለው 16 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ጊዜው ግን ከስድስት ሰዓት ወደ አምስት ሰከንድ ወረደ። ይህን ሰንጠረዥ ያየ ሰው «ትንሽ ሞቅ ብሏል እንጂ» የሚለውን ንግግር ዳግመኛ በቀላሉ አይቀበልም። ከአንድ ደረጃ በኋላ እያንዳንዷ ዲግሪ ጊዜውን በግማሽ ያህል ትቆርጣለች።

ለእውነቱ ያህል፣ ሰንጠረዡ የሚናገረው ስለ ቆዳው ሙቀት እንጂ ስለ መንገዱ አይደለም። 60 ዲግሪ የጋለ አስፋልት የረገጠ እግር በዚያች ቅጽበት 60 አይደርስም፤ ሁለቱ ሲነካኩ የሚገናኙት መሐል ላይ ነው፣ ከዚያም ቆዳው ቀስ በቀስ ወደ መንገዱ ሙቀት ይጠጋል። የውሻ ውስጥ እግር ደግሞ ከእኛ ቆዳ ይጠነክራል። በእያንዳንዱ እግር አራት የጣት ጉብታዎችና አንድ ሰፊ የመሐል ጉብታ አሉ፤ ላያቸው በወፍራም፣ ሻካራ፣ ሕይወት በሌለው የቆዳ ንጣፍ የተሸፈነ ነው፣ ከሥሩ የሰውነትን ክብደት የሚሸከም ስብ አለ። የፊት እግሮቹ ከኋላ በኩል ከፍ ብሎ አንድ ተጨማሪ ጉብታ አላቸው፤ ያ በተራ እርምጃ መሬት አይነካም፣ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን ሆኖ ያገለግላል።

ይህ እግር ለብርድ ድንቅ ሆኖ ተሠርቷል። የጃፓን ተመራማሪዎች የውሻን የመዳፍ ደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ እንዳደረጉት፣ ወደ እግሩ የሚወርደው ትኩስ ደምና ከእግሩ የሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም እጅግ ተቀራርበው ይተላለፋሉ፤ የሚወርደው ለሚመለሰው ሙቀቱን ያካፍለዋል። ስለዚህ ውሻ በረዶ ላይ ቆሞ ሰውነቱ አይቀዘቅዝም። ብልሃቱ ግን የውስጡ ሙቀት እንዳይወጣ የሚጠብቅ ነው፤ ከታች የሚገባውን የአስፋልት ግለት አይመልስም። ላብ የሚያመነጩ ዕጢዎችም ያሉት እዚያው ውስጥ እግሩ ላይ ነው፣ ሆኖም የሚወጣው ላብ እርምጃውን እርጥብ ከማድረግ አልፎ መንገድ አያቀዘቅዝም።

ወፍራሙ ንጣፍ ጊዜ ይገዛል፤ ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ሙቀቱ ሕመም ወደሚሰማው ሕያው ሥጋ ለመድረስ ይዘገያል፣ ስለዚህ ውሻው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይሄዳል። ውሻ በእርምጃ ሲሄድ እያንዳንዱ እግሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ መሬት ላይ ነው። በተነሳባት አጭር ጊዜ የቀዘቀዘው በሚቀጥለው እርምጃ ከተጨመረው ያነሰ ከሆነ ሙቀቱ ይጠራቀማል። በሃያኛው እርምጃ ያልነበረ ቃጠሎ በአምስት መቶኛው ይኖራል። ውሻው ማነከስ ሲጀምር ጉዳቱ ደርሷል፤ ያኔም ወደ ቤት የሚመለሰው በዚያው አስፋልት ላይ ነው።

ከመሄድ የከፋው መቆም ነው። የትራፊክ መብራት እስኪለወጥ፣ ባለቤቱ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ እስኪለዋወጥ፣ ስልክ ተነጋግሮ እስኪጨርስ ውሻው አራቱንም እግሩን በጋለ ድንጋይ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። እኛ አገር ሰላምታ አጭር ነገር አይደለም፤ የልጆቹ፣ የእናትየው፣ የሥራው ጤንነት ሳይጠየቅ አይታለፍም። እንግዲያው ሰላም የሚሏቸውን ሰው ይዘው ወደ ጥላ ይግቡ። መብራት ላይ ደግሞ ከመንገዱ ጠርዝ ራቅ ብለው የዛፍ ወይም የግንብ ጥላ ውስጥ ይጠብቁ። ጥላ ከሌለና ዜብራ ላይ ከሆኑ፣ ነጩ ቀለም ከጥቁሩ ይቀዘቅዛል።

«ቢያቃጥለው ኖሮ ራሱ እምቢ ይል ነበር» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አንዳንዱ ውሻ እውነትም እምቢ ይላል፤ ይቆማል፣ እግሩን እያፈራረቀ ያነሳል፣ ወደ ሣሩ ይጎትታል፣ ያን ጊዜ እልኸኛ ሆኗል ብሎ ገመዱን መሳብ ጭካኔ ነው። ብዙው ግን እምቢ አይልም። ኳስ የሚያባርር፣ ሌላ ውሻ ያየ፣ ከሚወደው ሰው ጋር መውጣቱ ብቻ ያስፈነደቀው ውሻ ሕመሙን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጌታውን የመከተል ፍላጎቱ ከእግሩ ይበልጥበታል። ይህን የሚያህል እምነት የጣለብንን እንስሳ፣ ካልጮኸ አልተጎዳም ብሎ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም። የሚገታው የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዘው ሰው ነው።

ይህ ነገር ገሃድ የወጣበት ከተማ በአሪዞና በረሃ የተቆረቆረችው ፊኒክስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ከጁን 30 እስከ ጁላይ 30 ለ31 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ በየቀኑ 110 ፋራናይት፣ ማለትም 43 ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ነበር፤ ቀደም ሲል የነበረው ክብረ ወሰን በ1974 የተመዘገበው 18 ቀን ነበር። በጁላይ 19 ሌሊት እንኳ ከ36 ዲግሪ አልወረደም። መንገዱ ሳይቀዘቅዝ ይነጋል ማለት ነው። በዚያ ከተማ ያለው የአሪዞና የቃጠሎ ማዕከል በየዓመቱ በሞቃቱ ወራት መንገድ ላይ ወድቀው መነሣት ያቃታቸውን አረጋውያንና ሕሙማን ይቀበላል፤ ያቃጠላቸው እሳት ሳይሆን አስፋልት ነው። የከተማው አስተዳደር ሙቀቱ 100 ፋራናይት (38 ሴንቲግሬድ) ከደረሰ ውሻ ይዞ ወደ ተራራ የእግር መንገዶቹ መውጣትን ከ2016 ጀምሮ ከልክሏል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ መንገዶቹን ብርሃን በሚያንፀባርቅ ግራጫ ልባስ መቀባት ጀምሯል። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲለካው፣ የተቀባው መንገድ በቀትርና ከሰዓት በኋላ ካልተቀባው ከ10.5 እስከ 12 ፋራናይት፣ ወደ 6 ወይም 7 ሴንቲግሬድ ገደማ ቀዝቅዞ ተገኘ። ለከተማው ትልቅ ነገር ነው። ለውሻው እግር ግን 65 የነበረው 58 ሆነ ማለት ነው፣ እሱም ያቃጥላል።

ፊኒክስ ከእኛ ሩቅ አይደለችም። እዚያም፣ በላስ ቬጋስም፣ በእስራኤል ደቡብ በቤር ሸቫም፣ በባሕረ ሰላጤው ከተሞችም ወገኖቻችን ይኖራሉ። በዱባይ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባሉት ወራት ከቤት ውጭ በፀሐይ መሥራት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በሕግ የተከለከለ ነው። የአሠሪዎቿን ውሻ በዚያ ሰዓት አውጪ የምትባል እህት ካለች አደጋው የእሷም ነው፤ በስስ ነጠላ ጫማ የሚቆመው እግር የእሷ ነው፣ በሙቀት የምትመታውም እሷ ናት። አሜሪካ ደግሞ ሌላ ነገር አያለሁ። አራስ ልጃቸውን ለመንከባከብ ከአገር ቤት የሚሄዱ እናቶች ልጆቹ ሥራ ሲውሉ ከውሻው ጋር ቤት ይቀራሉ፤ ውሻው በር ላይ ሲንቆራጠጥ አዝነውለት ቀትር ላይ ይዘውት ይወጣሉ። ደግነታቸው ነው። ስለዚህ ሥራ ከመሄድ በፊት «እማዬ፣ ቀን ላይ መንገድ አታውጪው፣ ከጓሮው ሣር ላይ ብቻ ይሽና» ማለት ይገባል።

አዲስ አበባስ? ሐምሌና ነሐሴ በዝናብና በደመና ስለሚያልፉ ለውሻ እግር ደህና ናቸው። እዚያ የሚያስፈራው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ በቀትር ከተማዋ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ጥላ ከእግር ሥር ይገባል። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ አየሩ ራሱ ግን ቀዝቃዛ ነው። በእኔ ግምት ይህ ከፊኒክስ ይልቅ የሚያታልል ነው። እዚያ ሰው በሩን ከፍቶ ሲወጣ ሙቀቱ ፊቱን ይመታዋል፣ ወዲያው ያስጠነቅቀዋል። አዲስ አበባ ላይ ነፋሱ ፊትን እያቀዘቀዘ አዲሱ አስፋልት ከታች ይግላል። በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጋምቤላ ነገሩ ግልጽ ነው፤ እዚያ ሰውም ቀትርን በጥላ ያሳልፋል። የሰፈር ውሾቹም ከረፋድ ጀምሮ ከግንብ ሥር ተጋድመው ይውላሉ፣ የሚንቀሳቀሱት ጠዋትና ማታ ነው። ማንም ገመድ አስሮ ስለማይጎትታቸው ሰዓቱን ራሳቸው ይመርጣሉ።

መሬቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። የእጅዎን ጀርባ መንገዱ ላይ ለ7 ሰከንድ ያሳርፉ። መቆየት ካቃተዎት ውሻው አይውጣ። የእጅ ጀርባ የሆነበት ምክንያት ቆዳው ስስ ስለሆነ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ትኩስ ድስትና ትኩስ እንጀራ ሲያነሳ የኖረ መዳፍ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። 7 ሰከንድ ደግሞ ረዘም ያለ ነው፤ አንድ ሁለት ብሎ እጅን ማንሳት ፈተና አይደለም። የሚነካው ቦታም ወሳኝ ነው። በር ላይ ያለውን ጥላ ነክቶ መውጣት ምንም አይናገርም፤ በፀሐይ የዋለውን፣ በጉዞዎ ላይ ካለው ሁሉ ጥቁር የሆነውን ይንኩ። ሳይነካ የሚለካ ቴርሞሜትር መግዛት የሚፈልግ ሰው ለወጥ ቤት ወይም ለጋራዥ የሚሸጠውን ይግዛ። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ለሰው ትኩሳት ብቻ የተሠራ ስለሆነ የአስፋልትን ያህል ከፍ ያለ ሙቀት አይለካም።

ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ ሰዓትና መንገድ መምረጥ ነው። ንጋት ላይ መውጣት፤ የዛፍ ጥላ ያለበትን ወገን መያዝ፤ ከአስፋልት ይልቅ ሣርና አፈር ላይ መሄድ። መንገዱ ሁሉ አስፋልት ከሆነና ሰዓቱ ካልተመቸ ትንሹን ውሻ አቅፎ እስከ ሣሩ ማድረስ ነውር የለበትም። ውሻ በቀን አንድ ጊዜ ካልተንሸራሸረ አይሞትም፤ ቤት ውስጥ ምግቡን በየጥጉ ደብቆ በአፍንጫው እንዲፈልግ ማድረግ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያደክመዋል። ቡችሎች፣ ያረጁ ውሾች፣ ወራቱን በሙሉ ምንጣፍ ላይ ያሳለፉ ውሾች ውስጥ እግራቸው ስስ ነው። ከዋና የወጣ ውሻም እንዲሁ፤ ውኃ የጠጣ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ከገንዳ ዳር ወደ ጋለ ሲሚንቶ ዘሎ የሚወጣ ውሻ ቶሎ ይቆስላል።

ስለ ጫማ ብዙ ይጠየቃል። የውሻ ጫማ ቀድሞ የታወቀው በብርድ አገር ነው፤ በአላስካ በሚካሄደው የኢዲታሮድ የበረዶ ጉዞ ውድድር ላይ ተወዳዳሪው ለእያንዳንዱ ውሻ ስምንት ጫማ እንዲይዝ ደንቡ ያስገድዳል። ያ ግን ስስ ጨርቅ ነው፣ በረዶ በጣቶቹ መሐል እንዳይጋገር የሚከላከል። ለአስፋልት የሚሆነው ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ነው። እንደ ፊኛ የሚለጠጠው ስስ የጎማ ጫማም ጭቃና ኬሚካል ይከለክላል እንጂ ሙቀት በደንብ አያግድም። ልኩን ለመውሰድ ውሻውን ወረቀት ላይ ያቁሙት፣ ሌላኛውን እግሩን ከፍ አድርገው ክብደቱ በሚለካው እግር ላይ ሲያርፍ ግራና ቀኙን ምልክት ያድርጉ፤ ክብደት ያልተጫነበት እግር ጠባብ ሆኖ ይታያል። የፊቱና የኋላው ልክ ስለሚለያይ ሁለቱንም ይለኩ። አዲስ አበባ ላይ የተዘጋጀውን ማግኘት ከከበደ፣ በረባሶ ከመኪና ጎማ ሲሠራ በኖረበት አገር ጎበዝ ጫማ ሰፊ ከወፍራም ሸራና ከጎማ ሶል ሊሰፋው አያቅተውም። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያልብሱት፤ እግሩን ከፍ ከፍ እያደረገ ግራ ይጋባል፣ በምግብ እያባበሉ ቀን በቀን ያስረዝሙት። ሲመለሱ ወዲያው ያውልቁለት፤ ላቡ እዚያው ይታፈናል፣ ጠርዙም ሊልጠው ይችላል።

ለመዳፍ የሚቀባው ሰምም ከበረዶ አገር የመጣ ነው። መሰነጣጠቅን ይከላከላል፣ ጨውና በረዶ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። 60 ዲግሪ የጋለ መንገድ ላይ ግን ስስ የሰም ልባስ የሚያግደው ሙቀት ኢምንት ነው። ሰም ቀብቶ ቀትር ላይ መውጣት ራስን ማታለል ነው።

እግሩን ያዳነ ጫማ ሳንባውን አያድንም። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ ከምላሱና ከመተንፈሻው በሚተን ውኃ። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ግድም የሰውነት ሙቀት አለው፤ 41 ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች የማለክለኪያ ቦታቸው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይሸነፋሉ፤ እርጥበት ባለበት አየር ደግሞ ማንኛውም ውሻ ይቸገራል። ማለክለኩ ካላቆመ፣ ከተንገዳገደ፣ ካስመለሰው ወይም ከወደቀ ወዲያውኑ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስና ማራገብ ነው፤ ወደ ሐኪም የሚወሰደው ማቀዝቀዙ ከተጀመረ በኋላ ነው።

የተቃጠለ እግር እንዲህ ይታወቃል። ውሻው ያነክሳል፣ መሄድ እምቢ ይላል፣ ቤት ገብቶ እግሩን ሳያቋርጥ ይልሳል ወይም ያኝካል። ጉብታዎቹ ከወትሮው ይጠቁራሉ ወይም በመሐላቸው ያለው ቆዳ ይቀላል፤ ሲብስ ውኃ ይቋጥራሉ፣ ከዚያም የላይኛው ንጣፍ ተገሽልጦ ቀዩ ሥጋ ይታያል። መጀመሪያ ከጋለው መሬት ያንሱት፤ ተሸክመውም ቢሆን። ከዚያ እግሩን ለብ ባለ ሳይሆን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ፣ ቢቻል ለ20 ደቂቃ፣ ያቀዝቅዙለት። በረዶ አይጠቀሙ፤ የተጎዳውን ቆዳ መልሶ ይጎዳዋል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የተፈጨ ቡና አይቀቡ፤ ሙቀቱን አፍነው ያስቀሩታል ወይም ቁስሉን ያቆሽሻሉ። የቋጠረውን ውኃ አያፍርጡ። ንጹሕ ፋሻ ላላ አድርገው ጠቅልለው፣ እንዳይልሰው ካልሲ ደርበውበት ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ሕመሙ ቢያሳዝንዎትም ከቤት መድኃኒት ሣጥን አይስጡት፤ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ሊያበላሽ ይችላል፣ ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

መዳኑ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ሌላ ቁስል ይተኛበታል፣ ይህኛው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ይረገጣል። ፋሻው ሲረጥብ በየጊዜው መቀየር አለበት፤ ከሥሩ ሽታ ካለ ወይም እብጠቱ ካልቀነሰ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሙ ይመልሱት። ከሥር የሚወጣው አዲስ ቆዳ ለስላሳና ሐመር ቀለም ያለው ነው፤ እንደገና እስኪሻክር ድረስ ውሻው የሚረግጠው ሣርና የቤት ወለል ብቻ ይሁን።